የአራቱ ጎረምሶች ለቅሶ

በ1994 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሱኮት ከሚባለው የዳስ በዓል በኋላ በዋለ አንድ ሐሙስ፣ ራማት የዲዲም በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታችን ሳሎን የነበርነው እኔ ይርሳው፣ የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን እማማ የሺሐረግ፣ ሽማግሌው አባ ደምሰው፣ ከአውቶቡስ ጣቢያ የማውቃት ታማር፣ እንዲሁም ስማቸውን የማላውቀው ብዙ ለቀስተኞች ነን።

የተጠራችው ታማር ብቻ ነበረች። አውቶቡስ ጣቢያ ስንጠብቅ ስለ አንድ አሮጌ ሸክላ አውርታኝ ነበር፤ ሮክ የሚሉትን ዘፈን መጀመሪያ ከተጫወቱት ቡድኖች የአንዱ ነው። ከገበያ ፈልጌ አገኘሁትና እንደ ምንም ደፍሬ «ነዪና እንስማው» አልኳት። «አመሻሽ ላይ እመጣለሁ» አለች። ሁለተኛ እንደማልደፍር አውቀው ነበር።

ከመምጣቷ በፊት ልሞክረው ብዬ ከፈትኩት። መስኮቱም ክፍት ነበር። ዘፋኙ ገና ሲጮኽ እማማ የሺሐረግ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ወይኔ! ወይኔ!» እያሉ ገቡ።

«እማማ፣ የሞተ ሰው የለም። ዘፈን ነው።»

ከኋላቸው ወደመጡት ሴቶች ዞር ብለው «መርዶ ይደብቃል። ጨዋ ልጅ ነው» አሉና ተቀምጠው አለቀሱ።

በእኛ ዘንድ መርዶ በድንገት አይነገርም። ሽማግሌ እስኪሰበሰብ ድረስ «ደህና ነው» ይባላል። ስለዚህ በማልኩ ቁጥር ለቅሶው ባሰ። ዳቦ የያዙም መጡ። ሴቶቹ ደረታቸውን ከሸክላው ከበሮ ጋር እኩል ይመቱ ነበር።

አባ ደምሰው ከዘራቸውን ተደግፈው አዳመጡ።

«በመጀመሪያው ሙሾ ሰውየው ከልቡ አለቀሰ። በሁለተኛው ግን ለይሉኝታ ነው።»

«ከበሮ መቺውስ?» አሉ እማማ የሺሐረግ።

«ይቸኩላል። ሬሳው የሚያመልጠው ይመስል።»

«እኔ እንዲህ ያለ ሙሾ የሰማሁት ወገራ ነው፤ የአጎቴ በቅሎ ገደል የገባች ዕለት።»

«ለበቅሎ?»

«እርስዎ በቅሎዋን አላወቋትም!»

አባ ደምሰው የሸክላውን ሽፋን አንስተው አራቱን ጎረምሶች አዩ። «ልጄ፣ አሁን ሽማግሌ ተቀምጧል፤ አትደብቀን። እነዚህ የት ናቸው?»

«አላውቅም፣ አባ። ቡድኑ ከፈረሰ ቆይቷል።»

«አራቱም!» አሉ። ቤቱ በጩኸት ተናወጠ።

ታማር በሩ ላይ ቆማለች። አዲስ ሸሚዝ ለብሳለች።

«ማ ካራ? ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?»

«ማንም» አልኩ። የባሰ ሐዘንተኛ መሰልኩ። አሁን ትመለሳለች ብዬ መሬት መሬት አየሁ። እሷ ግን በአባ ደምሰው እጅ ያለውን ሽፋን አየችና ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ሻርፗን አዘቅዝቃ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ይርሳው፣ ዋናው ጩኸት በሌላው ፊት ነው» አለችኝ በጆሮዬ። «ገልብጠው።»

ገለበጥኩት።

«እህ» አሉ አባ ደምሰው፣ «ይኼስ አልቃሽ ነው።»

ለቀስተኛው ሐዘን የሚቀመጡበትን ሰባቱን ቀን ሁሉ መጣ፤ ከሰንበት ቅዳሜ በቀር ሸክላው በየቀኑ ተከፈተ። ሰባቱ ሲያልቅ ሰው ሁሉ ቀረ። ታማር በማግስቱም መጣች።