ለራጉኤል የተሳልኩት ጃንጥላ

እህል በረንዳ ሽምብራ የምሸጥባት ሱቄ በር ላይ፣ ከበግ ነጋዴ ያመለጠ ቀንዳም በግ ባለሱቅ መስሎ ቆመ። ልግባ ስል ቀንዱን ደግኖ መጣብኝ። ኩንታል የሚሸከሙት ጎረምሶች ሁሉ ፈረጠጡ፤ ወንድ ተብዬዎች!

«ራጉኤል አባቴ፣ ይሄን ጉድ ዞር ካደረግህልኝ ባለ ወርቅ ዘርፍ ጃንጥላ አስገባለሁ!» ብዬ ተሳልኩ። ወዲያው ልቤ ሞላ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ ሸብ አድርጌ ፊት ለፊት ሄድኩበት። በጉ አየኝ፣ አየኝና ዞሮ መንገዱን ያዘ።

ጎረቤቴ ረሂማ አጨበጨበች። «አልሐምዱሊላህ! በይ ስለትሽን እንዳትረሺ።»

«እንዴ፣ በራሱ ጊዜ ለሄደ በግ?» አልኳት። «ጧፍ ይበቃል።»

በጉ ቆመ። ቀስ ብሎ ወደኔ ዞረ።

«ጃንጥላ!» ብዬ ጮህኩ። «ጃንጥላ ነው ያልኩት! ትልቁን! ረሂማ፣ ምስክሬ ነሽ!»