እግሩ ያጠረ ወንበር

«ኧረ እማማ! እዚያ ላይ እንዳይቀመጡ!»

አክስትየዋ፣ የሟች እህት፣ ግን ተቀምጣለች። ወንበሩ አንድ እግሩ አጭር ነውና ዘንበል ሲል ሻይዋ ቀሚሷ ላይ ተደፋ። ሦስት ቀን ሙሉ ለቅሶ ቤት ውስጥ ጥርሱን ያሳየውን ሁሉ ስትገላምጥ የሰነበተች ሴት፣ አሁን ራሷ ሰዉን ልታስቅ ምንም አልቀራት።

«ወንበር ተሸክሞ ለቅሶ መምጣት ደግሞ ምን የሚሉት ነው?»

«የጋሼ ወንበር ነው፣ ከክፍላችን ያመጣነው» አለ ቀጭኔ የሚሉት ረጅሙ ተማሪ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ።

ሟች ሠላሳ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ነው። ሴት ልጁም እዚያው ትምህርት ቤት መምህርት ናት። ትናንት ርዕሰ መምህሩ ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ፣ «የአባትሽን የሆሎኮስት ሥነ ጽሑፍ ክፍል አንቺው ጨርሺልን» ብሏት ሄደ። ናዚዎች ስለፈጇቸው አይሁዳውያን የተጻፈውን እንኳን ልታስተምር፣ ለራሷ ስታነብም ሦስተኛው ገጽ ላይ ሳትደርስ እንባዋ ይቀድማታል። አሁን ደግሞ በአባቷ ሞት ላይ! «አልችልም» የሚል ደብዳቤ ጽፋ ኪሷ ከታለች።

አንድ ቀን አባቷ ከዚያ ክፍል እየሳቀ ሲወጣ አግኝታው ነበር።

«አባዬ፣ ከእነዚያ ሁሉ ሙታን መሀል ወጥተህ ትስቃለህ?»

«ገዳዮቹ ቁጥር አድርገዋቸው ነበር» አላት የእጁን ጠመኔ እያራገፈ። «እኔ መጀመሪያ ሰው አደርጋቸዋለሁ። ሰው ደግሞ ያስቃል፣ ምን ላድርግ?»

ያን ቀን አልገባትም። አኩርፋው ሄደች።

«ወንበሩ ሕግ አለው እማማ» አለ ቀጭኔ። «ከእልቂቱ የተረፉት ሰዎች ከጻፉት መጽሐፍ ውስጥ ለእያንዳንዳችን አንድ የሞተ ሰው ይደርሰናል። እዚህ የተቀመጠ፣ ስለ ሞቱ ከማውራቱ በፊት ያ ሰው ምን እንደሚወድ፣ ማንን እንደሚያናድድ ይናገራል። ለእኔ የደረሰኝ ጫማ ሰፊ ነበር፤ የራሱ ጫማ ሁልጊዜ አፉን የከፈተ። እንዴት እንደሳቅንበት! መጨረሻውን ሳነብ ግን ወንድሜን የቀበርኩ ያህል አለቀስኩ።»

«ታዲያ እኔን ምን አድርጊ ነው የምትለኝ?»

«ተቀምጠዋላ! በሉ ስለ ጋሼ ይንገሩን።»

«ጉድ እኮ ነው!» አክስትየዋ ዙሪያዋን ቃኘች። «እሱማ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ዶሮዎቻችንን ደርድሮ ያስተምር ነበር። አውራ ዶሮውን ረበሽክ ብሎ ከክፍል አባረረው፤ በዚያው ጠፍቶ ቀረ! አባታችን ሳምንት ሙሉ ሲፈልገው…»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሷም ሳቀች፣ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቁ መሀል ላይ ተለወጠባትና ፊቷን በመሀረቧ ሸፍና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ወንድሟ ከሞተ ወዲህ ከልቧ ስታለቅስ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። የሟች ልጅ ይህን አየች። የዚያን ቀን የአባቷ ነገር አሁን ገባት።

«ወንበሩን ሰኞ ወደ ክፍል እንመልሰዋለን» አለች ተነስታ። «ተረኛው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለች አንዲት ተማሪ። «ግን ቲቸር፣ ይወዛወዛል። ጋሼ ወረቀት አጥፈው ከሥሩ ያስገቡለት ነበር፤ ስንሸከመው መንገድ ላይ ወደቀብን።»

መምህርቷ ተንበረከከች። ከኪሷ ደብዳቤውን አወጣች፤ አራት ቦታ አጥፋ ባጠረው እግር ሥር ሸጎጠችው። ከዚያ ተቀመጠችና ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሞከረችው። አልተነቃነቀም።

«አባዬ ሲዘፍን ሰምታችሁት ታውቃላችሁ?» አለች፣ እንባዋ ከሳቋ ጋር እየመጣ።