የጁባ ና ባሪው መብራት

"በራ?" አለች ማንያህልሻል ከመሰላሉ ጫፍ ሆና።

"በርቷል! ቀን መሰለ እኮ!" አላት ጋትሉዋክ ከታች። የጁባ ከተማ ምክር ቤት ሠራተኛ ነው፤ ጋምቤላ ስላደገ አማርኛው ከእሷ አይተናነስም።

ማንያህልሻል ቡሉክ የሚባል ሰፈር ውስጥ ትንሽ የመብራት ሱቅ አላት። ምክር ቤቱ ለመንደር መንገዶች ኃይል ቆጣቢ ኤልኢዲ መብራት ሊገዛ ነው ሲባል ከሰማች ጀምሮ ከቢሮ ቢሮ ስትንከራተት ከርማ፣ በመጨረሻ "እስቲ አንዱን ጁባ ና ባሪ ሰፈር ስቀይና እንየው" አሏት። ከሰቀለችው ሳምንቱ ነው፤ ዛሬ ማታ ኮሚቴው መጥቶ ያየዋል። ይህ ካልተሳካ ሱቁን ዘግታ ወደ አገሯ ከመመለስ በቀር ምርጫ የላትም።

የፀሐይ ሰሌዳውን አቧራ ጠራርጋ ልትወርድ ስትል ዓይኗ ከአጥሩ ወዲያ አረፈ። ግቢው ውስጥ አንድ ሽማግሌ ደጅ በወጣ አልጋ ላይ ተኝተዋል። ራስጌያቸው አንዲት አሮጊት የትከሻ ጨርቃቸውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ቆመዋል።

"ማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?" አለች በምትሞክራት የጁባ ዓረብኛ።

"ጥላ እየሆንኩት ነዋ፤" አሉ ሴትዮዋ። "ባሌ ታሟል። ቆርቆሮው ሥር ሙቀቱ አላስተኛ ቢለው ደጅ አወጣሁት። ደጅ ደግሞ ያንቺ መብራት ዓይኑ ውስጥ ይገባል።"

"ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?"

"ምን ብዬ? መንገዱ ጨለማ ሳለ ልጄ ከገበያ እስክትመለስ ልቤ ተሰቅሎ ነበር የሚቆየው። አሁን ከሩቅ እያየኋት ትመጣለች። ግዴለም ልጄ፣ እጄ እስኪዝል ይተኛልኛል።"

ማንያህልሻል ወደ መብራቱ ዞረች። ከዚያ መፍቻዋን ከኪሷ አውጥታ ቡሎኑን ታላላ ጀመር።

"ምን ልታደርጊ ነው?" ጋትሉዋክ ደነገጠ። "ወደ ታች ከደፋሽው ብርሃኑ ይጠባል! ከአንቺ ጋር የሚወዳደረው ነጋዴ እኮ ይህን ነው የሚጠብቀው!"

"ለመንገዱ ይበቃል።"

የመብራቱን ራስ ከግቢው ወደ መንገዱ መልሳ አጠበቀችው። አጥሩ ሥር ያለው ጥግ ጨለመ። አሮጊቷ እጃቸውን አውርደው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና የባላቸውን እግር ዳበስ ዳበስ ያደርጉ ጀመር።

ኮሚቴው መጣ። ሰብሳቢው መንገዱን ወዲያ ወዲህ ብለው አዩና አጥሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

"እዚህ ጋ ለምን ጨለመ? ዕቃው ደከመ እንዴ?"

ጋትሉዋክ አንድ ሰበብ እንድትፈልግ በዓይኑ ለመናት።

"አልደከመም፤" አለች ማንያህልሻል። "ሰው ተኝቷል።"

ሰብሳቢው አንገታቸውን አስግገው ወደ ግቢው ተመለከቱ። አብረዋቸው የመጡትም ጨዋታቸውን አቋረጡ።

"ሰኞ እንወስናለን፤" አሉ ሰብሳቢው በሹክሹክታ፤ የመኪናቸውንም በር ቀስ አድርገው ዘጉ።

ከራቁ በኋላ ጋትሉዋክ በረጅሙ ተነፈሰ። "በይ አሁን ወደ ቦታው መልሺው። ሰኞ ከመወሰናቸው በፊት ደግመው ማየታቸው አይቀርም።"

ማንያህልሻል መሰላሉን ፒክአፑ ላይ ጫነች።

"ሽማግሌው ሰኞም እዚሁ ነው የሚተኙት፤" አለችው።