ባለቤቴን የሚያውቅ የለም

«እግዜር ያጽናሽ፣ እህቴ» አላት ሰውዬው ጎንበስ ብሎ፣ እጇን በሁለት እጁ ጨብጦ። ጨብጦ ግን አልለቀቀም። ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለና፣ «ይቅርታ አድርጊልኝ... ያ የእሑዱ እንቆቅልሽ፣ መልሱ የገደል ማሚቶ ነው አይደል?» ሲል አንሾካሾከ።

ቀና ብላ አየችው። አታውቀውም። ክራቫቱን ለለቅሶ ብሎ የተዋሰው ይመስላል፤ አንገቱ ላይ አልተደላደለም።

«እኔ እንጃ። መልሱን ይዞት ሄደ» አለችው።

የሰውዬው ዐይን እንባ አቀረረ። «ወይ አንተ ሰው! ሞቱም እንቆቅልሽ ይሁን!» ብሎ ራሱን እየነቀነቀ ወንበር ፍለጋ ሄደ።

ታላቅ እህቷ የሻይ ትሪ ይዛ አጠገቧ ቆማ ነበር። «እሱም ጠየቀሽ?»

«እሱም።»

«ምነው እቴ! ሬሳው እንኳ ሳይቀዘቅዝ...»

«ቀዝቅዟል፣ እትዬ። ይልቅ ሻዩ እንዳይቀዘቅዝ እሱን አድይ።»

ትሪው ከእህቷ እጅ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

ሟቹን ከተማው የሚያውቀው «የእሑዱ» በሚል ስም ነው። እሑድ እሑድ ረፋድ ላይ በሬዲዮ አንድ እንቆቅልሽ ይጠይቃል፤ አድማጩ ሳምንቱን ሙሉ ሲከራከርበት ሰንብቶ መልሱን በሚቀጥለው እሑድ ይሰማል። ስለ ፍቅር ይጠይቃል፣ ስለ ሞት ይጠይቃል፣ ኑሮ ሰውን እየገረፈ ስለሚያስተምረው ነገር ይጠይቃል። ባለፈው እሑድ ደግሞ እንዲህ አለ፦

«ስናገር አገር ይሰማኛል፤ የምናገረው ግን የኔ አይደለም። እኔን ሁሉ ያውቀኛል፤ ባለቤቴን የሚያውቅ የለም። ማነኝ?»

ረቡዕ ዕለት የጣቢያውን ደረጃ ሲወጣ ልቡ ቀጥ አለ። ሐሙስ ተቀበረ። መልሱ ሳይነገር ቀረ።

ለቀስተኛው ሻዩን እየጠጣ በሹክሹክታ ይከራከራል። አንዱ የገደል ማሚቶ ነው ይላል፤ ሌላው የለም በቀቀን ነው ይላል፤ ሬዲዮ ራሱ ነው ብሎ የሚምልም አለ። «ባለቤት» ማለት የዕቃ ጌታም የትዳር ጓደኛም መሆኑን ልብ ያለ አልነበረም። እሷ ግን ያን እሑድ ሽንኩርት እየከተፈች ሳለ፣ ቃሉ ከአፉ እንደ ወጣ ነው የገባት። ቢላዋዋን አስቀምጣ ሬዲዮኑን ዘጋችው። «ፈሪ!» አለች ብቻዋን። «ይቅርታ እንኳ በእንቆቅልሽ!»

ወደ ቤት ሲመለስ ምሳ ላይ ፊት ፊቷን እያየ ጠበቃት። ጨው አቀበለችው። ከጨው ሌላ ምንም አላቀበለችውም።

ሰፈሩ «ተኳሿ» ነው የሚላት። ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ትተኩሳለች። የተገናኙትም እዚያው ነው። ያኔ እሱ በሬዲዮ የሙታን ማስታወቂያ የሚያነብ፣ አንድ ነጭ ሸሚዝ ብቻ ያለው ወጣት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሸሚዙን ይዞ ይመጣል። አንድ ቀን ከባንኮኒው ማዶ ሆና፣ «ስተኩስ እውላለሁ፣ የገደልኩት የለም። ማነኝ?» አለችው። ፈዞ ቀረ። በሳምንቱ ተመልሶ፣ «አገኘሁት! ዒላማ የማይችል ወታደር!» አላት። ሆዷን እስኪያማት ሳቀች። መልሱ እሷው መሆኗን ስትነግረው እሱም ሳቀ፤ ያን ሳቁን ነው ያገባችው።

እንቆቅልሽ መፍጠር ቀርቶ መፍታት አይችልም። ድምፅ ግን ነበረው፤ የሰው ሞት ሲያነብ እንኳ ደግሞ ያንብበው የሚያሰኝ ድምፅ። እሷ በእንፋሎቱ መሃል ቆማ ስትተኩስ ነገር ይመጣላታል፤ እራት ላይ ትነግረዋለች፤ እሱ በሬዲዮ ያወራዋል። የመጀመሪያውን ቀን፣ «ባለቤቴ የነገረችኝን ልንገራችሁ» ብሎ ጀመረ። በሁለተኛው፣ «አንድ ሰው የነገረኝን» አለ። ከሦስተኛው ወዲያ ማንም አልነገረውም።

ያኔ አልከፋትም። ታክሲ ውስጥ ተሳፋሪው «ሁለት ሆነው ካልተሸከሙት የማይነሳ፣ አንዱ ከለቀቀው ሁለቱንም የሚሰብር» በሚለው ሲጨቃጨቅ ትሰማና፣ «ፍቅር ነዋ!» ብላ መጮህ እያማራት በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። «ስትለብሰው ይሰፋሃል፣ ልክህ ሲሆን ያልቃል» የሚለውን የሰፈሩ ሽማግሌ ለልጅ ልጁ ሲያስረዳ፣ «ዕድሜ ነው፣ ሞኙ!» ሲል ሰምታ መንገድ ለመንገድ ብቻዋን ስትስቅ ገብታለች። ስሟ ባይጠራም የሷ ነገር በሰው አፍ ይዞር ነበር። እሱም ሲመጣ፣ «ዛሬ ጉድ አሰኘሻቸው» ይላታል። ይበቃት ነበር።

አርብ ዕለት የጣቢያው ኃላፊ መጣ። ወፍራም ነው፤ ወንበሩ ሲቀመጥበት አቃሰተ። ካጽናናት በኋላ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እህታችን፣ እሑድ የመታሰቢያ ፕሮግራም አለን። በሰዓቱ እዚሁ እንደውልልሽና መልሱን አንቺ ትነግሪናለሽ። አገሩ እኮ እንቅልፍ አጣ!»

አጠገቧ የነበረውን የሻይ ብርጭቆ አነሳች።

«ሌላም አለ። እንቆቅልሾቹን ሰብስበን በስሙ መጽሐፍ እናሳትማለን። ሽልማቱን የሚሰጠው የሳሙና ፋብሪካ ወጪውን ልቻል ብሏል። መጀመሪያ ገጽ ላይ ያቺን፣ ሰዉን ሁሉ ያስለቀሰችዋን እናደርጋታለን።»

«የቷን?»

«‹ስም ሳይወጣለት የተለቀሰለት፣ ደጅ ሳያይ የተሸኘ› የምትለዋን።»

ተኳሿ የያዘችውን የሻይ ብርጭቆ ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«እሺ» አለች። «ደውሉልኝ።»

እህቷ ከበሩ ላይ ሆና አየቻት። ያንን «እሺ» ከልጅነት ጀምሮ ታውቀዋለች። ልጅ ሆነው አሻንጉሊቷን የሰበረባትን ልጅ እሺ ብላ አሳልፋው፣ ዓመት ጠብቃ ነበር ጥርሱን ያወለቀችው።

ልጃቸው ሞቶ ነው የተወለደው። ሆስፒታል ተኝታ፣ አዋላጇ የተጠቀለለውን ይዛ ስትወጣ አላለቀሰችም። አፏ የመጣላትን ተናገረ፦ ስም ሳይወጣለት የተለቀሰለት፣ ደጅ ሳያይ የተሸኘ። ሰው እንደሚያቃስት ነው ያለችው። ባሏ ግንባሩን የአልጋው ብረት ላይ ደፍቶ ተንሰቀሰቀ። እጇን ፀጉሩ ውስጥ ከትታ አጽናናችው።

ወደ ሥራ ከተመለሰች ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ እሑድ ላውንደሪ ውስጥ መደርደሪያው ላይ ካለው ሬዲዮ ያንኑ ቃል በባሏ ድምፅ ሰማችው። ሽልማቱ አንድ ካርቶን ሳሙና ነበር። ሰው ይደውላል። «ጭስ ነው!» ይላል አንዱ። «ቀረብክ! ግን አይደለም!» ይላል ባሏ እየሳቀ። «ሕልም!» «ጎበዝ ነሽ፣ እሱም ግን አይደለም!» ካውያ የያዙት ጓደኞቿም ይገምታሉ። አንዷ ዞር ብላ፣ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለቻት። ያኔ ነው የተቃጠለ ጨርቅ የሸተታቸው። ካውያዋን የሰው ሸሚዝ ላይ እንዳቆመችው ረስታዋለች።

ማታውኑ፣ «ለምን?» አለችው።

«አገር ደወለ እኮ!» አላት፣ ዐይኑ እያበራ። «መልሱን ስናገር አገር ሙሉ ለልጃችን ነው የሚያለቅሰው!»

«ልጃችን መሆኑን ትነግራቸዋለህ?»

የእራቱን ሳህን ወደ ራሱ ሳበ። በሚቀጥለውም እሑድ አልነገራቸውም።

ከዚያ ወዲህ አንድም እንቆቅልሽ አልሰጠችውም። «አንዲት ብቻ» እያለ ለመናት። «አንዲት ትንሽዬ።» አልመጣልኝም ትላለች፤ ይመጣላት ነበር። የድሮዎቹን እየደጋገመ ቆየ፤ አድማጩ አኮረፈ፤ ሰዓቱን ቆርጠው ለሙዚቃ ሰጡበት። ትከሻው ወርዶ ወደ ቤት ሲገባ ታየው ነበር። ስታየው ደስ ይላት ነበር። ይህን ለማንም አትክድም።

ቅዳሜ ከሰዓት አማቷ ማድ ቤት ተከትላት ገባች። አሮጊቷ ከሐሙስ ጀምሮ ጥግ ላይ ካለው ወንበር አልተነሳችም ነበር፤ እግሯ አብጧል።

«እሺ ያልሽው ለምን እንደሆነ ይገባኛል» አለቻት።

«ምን ገባዎት፣ እማማ?»

«ልጄ እንቆቅልሽ አያውቅም። ትንሽ ሆኖ ሁሌ ተሸንፎ እያለቀሰ ነበር ወደ ቤት የሚገባው። ‹ሁለት እግር ይዞ የማይሄድ› ስለው፣ ሱሪ እንደ ማለት ‹አባዬ› ይለኛል።» ፈገግ ልትል ስትል ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። «የሬዲዮው ነገር የማን እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን አውቄያለሁ። እናት አትታለልም።»

«አውቀው ነው ዝም ያሉት?»

«ልጄ ሲመሰገን እየሰማሁ ምን ብዬ ልናገር? አንቺ ብትሆኚ ትናገሪ ነበር?» ክንዷን ያዘቻት። «ከእንግዲህ ያለው ስሙ ብቻ ነው። ስሙን ተዪልኝ። በሞቴ፣ ልጄ።»

ተኳሿ ብርጭቆ ማጠቧን አላቆመችም።

«እኔም ልጅ ነበረኝ፣ እማማ። ስም እንኳ አልነበረውም።»

የአሮጊቷ እጅ ከክንዷ ላይ ወረደ። እያነከሰች ወደ ወንበሯ ተመለሰች።

እሑድ ረፋድ ላይ ሳሎኑ ጢም አለ። ሬዲዮኑ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል። ስልኩ ሲጠራ ተኳሿ አነሳችው።

«ሬዲዮኑን ዝቅ አድርጉት፣ ይጮኻል» አለች እህቷ።

«ውድ አድማጮቻችን» አለ ኃላፊው፣ «የእንቆቅልሾቹን አባት በምናስብበት በዚህ ሰዓት ውድ ባለቤቱ በስልክ ላይ ናቸው። እህታችን፣ አገር እየጠበቀ ነው።»

«መጀመሪያ እኔ ልጠይቃችሁ» አለች። «እንቆቅልሽ!»

«ምን አውቅልሽ!» አለ ኃላፊው ደስ ብሎት።

«ስም ሳይወጣለት የተለቀሰለት፣ ደጅ ሳያይ የተሸኘ።»

«ይህቺንማ ማን ይረሳታል! ሳይወለድ የሞተ ልጅ ነው። ከሟች ድንቅ ሥራዎች...»

«የእኔ ልጅ ነው። ሆስፒታል ተኝቼ ለአባቱ የነገርኩት ነው። እሱ ለእናንተ አመጣው። እናንተ ሳሙና ሸለማችሁበት።»

«ሄሎ? አድማጮች፣ መስመሩ ትንሽ...»

«መስመሩ ደህና ነው። የእንቆቅልሾቹ አባት አላችሁ፤ እናትም አላቸው። ሁሉም ከካውያዬ ሥር የወጡ ናቸው። ሟች በዕድሜው የፈጠረው አንድ ብቻ ነው፤ የመጨረሻው። መልሱ የገደል ማሚቶ አይደለም። ተናጋሪው ራሱ ነው፤ ባለቤቴን የሚያውቅ የለም ያለው እኔን ነው። ፊት ለፊት መናገር ፈርቶ፣ ሸፍኖት ሞተ። እኔ ገለጥኩት።»

ከሬዲዮኑ ሙዚቃ ፈሰሰ። ስልኩ ወዲያው መልሶ ጠራ።

«ምን አደረግሽኝ?» አለ ኃላፊው። «መጽሐፉስ? ፋብሪካውስ?»

«መልስ ጠየቃችሁ፣ መለስኩ» ብላ ዘጋችበት።

ከላውንደሪ የመጣችው ጓደኛዋ፣ «ታዲያ... ያ የዕድሜውስ?» አለች።

«የኔ ነው።»

«‹ሳይጋብዙት ይመጣል፣ ሲሄድ ባዶ እጁን አይሄድም› የሚለው፣ የሞቱስ?» አለ ክራቫታሙ ሰውዬ ከኋላ።

«የኔ ነው።»

አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን ይዘው ተነሡ። «ሙት አይወቀስም» አሉ፤ «አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ!» ወጡ። ተከትለዋቸው የወጡ ነበሩ። ቀርተው ዐይናቸውን ጣሪያ ላይ የሰቀሉም ነበሩ። እሷ ቀና ብላ ተቀምጣለች። አልጸጸታትም። ለዓመታት ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅሮ የኖረው አጥንት ወጥቷል፤ ጉሮሮዋ ግን አሁንም ያማት ነበር።

እህቷ አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች። «አንቺ ልጅ... ምናልባት እኮ ዛሬ ራሱ ሊናገረው ነበር። ቢተርፍ ኖሮ።»

«ወይም የገደል ማሚቶ ነው ብሎ ሊያልፍ ነበር» አለች። ሬዲዮኑን ዘግታም፣ «ይህንንማ ማን ይፈታዋል?» አለች፤ ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ።

ከሰዓት ለቀስተኛው ሳስቶ፣ በጊዜ ተበተነ። አማቷ ልትሄድ ተነሣች። በሩ አጠገብ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ልታጠልቅ ብትታገል እግሯ አልገባ አለ። ግድግዳውን ተደግፋ፣ ማንንም ሳትጠራ ደጋግማ ሞከረች።

ተኳሿ ወደ መኝታ ቤት ገብታ ከአልጋው ሥር የባሏን ነጠላ ጫማ ይዛ ወጣች። ተንበርክካ ያበጡት እግሮች ላይ አንድ በአንድ አጠለቀችላት። ይሰፋል፣ ግን ያስኬዳል። አሮጊቷ ትከሻዋን ተደግፋ ቀና አለች። አሮጊቷ ደረጃውን መውረድ ጀመረች።

ጧ፣ ጧ፣ ጧ ይላል ጫማው። ባሏ ጠዋት ጠዋት ዳቦ ሊገዛ ሲወርድ የሚሰማው ያ ድምፅ ነበር፤ እሷም ከበሩ ላይ ሆና በየቀኑ አንዲት ነገር ትለው ነበር። አሁን የደረጃውን ብረት ያዘች፣ ወደ ታች አዘነበለች።

«ሁለት ዳቦ አምጣ» አለች ቀስ ብላ፣ ለማንም።