የማያሳብቅ አፎት

ሃርላን ቦትራይት ያንን ሰውዬ ገና በሩን ሲያልፍ ነው ያልወደደው። በምሥራቅ ቴክሳስ በምትገኝ በዚያች ትንሽ ከተማ የባፕቲስቶች ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እሑድ እሑድ የሚቆመው ሃርላን ነው። የሚገባውን ሁሉ እያቀፈ ይቀበላል፤ ከኮቱ ሥር ደግሞ ሽጉጥ ይታጠቃል። በሌላ ከተማ አምልኮ ላይ ተኩስ ከተከፈተ ወዲህ ፓስተሩ በአደራ የሰጡት ሥራ ነው። ሌላ የታጠቀ ቢኖርም አይጠየቅም፣ ነውር ነው።

እና ሰውየው ምን አደረገ? ሃርላን ሊያቅፈው እጁን ሲዘረጋ፣ ቀኝ ክርኑን ጎኑ ላይ ልጥፍ አድርጎ በግራ እጁ ብቻ ጀርባውን መታ መታ አደረገው። ወይ ጉድ! በዚያ አገር እንዲህ የሚያቅፍ አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው፤ የታጠቀ ሰው። ክርኑን የሚለጥፈው የሚያቅፈው ሰው እጅ ብረቱ ላይ እንዳያርፍ ነው። ሃርላን ራሱ ስንት ዘመን እንዲህ ሲያቅፍ ኖሯል። ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባል የለ።

ቴረል ኬለም ይባላል አሉት። ሚስቱ ስትሞትበት ከሉዊዚያና መጥቶ ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ ቤት የተከራየ፣ ዘመድ የሌለው፣ ዝምተኛ ሰው። ሃርላን ይህን ሲሰማ ጥርጣሬው ባሰበት እንጂ አልቀለለለትም። ሰውየው በዚያ ሁሉ ሙቀት ሰፊ ሸሚዙን ከሱሪው አውጥቶ ነው የሚለብሰው። የሚቀመጠው ሁልጊዜ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ነው። ስብከት መሐል ብድግ ብሎ ይወጣና ቆይቶ ይመለሳል፤ ሲቀመጥም ቀኝ ጎኑን ዳበስ ያደርጋል። ከፊቱ የሕፃናት መዘምራኑ ተደርድረዋል፤ የሃርላን የልጅ ልጅ ሌቲም እዚያው መሐላቸው ናት። ሃርላንን እንቅልፍ የነሳው ይኸው ነው። በእሱ በር የገባ ሰው ያችን ልጅ አንድ ነገር ቢያደርጋት ምን ይውጠዋል?

ለፓስተሩ ሹክ ቢላቸው ሳቁበት።

«ወንድም ሃርላን፣ በዚህ አገርማ ያልታጠቀ ሰው ስታይ ነው መደንገጥ ያለብህ።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ፓስተር» አለና ተኮሳትሮ ወደ በሩ ተመለሰ።

ነገሩ የከነከነው በሌላም በኩል ነው። እኔ እሱን ካወቅኩበት እሱም እኔን አውቆብኛል፣ ተኩስ ቢከፍት መጀመሪያ የሚደፋኝ እኔን ነው ብሎ አሰበ። የራሱ የሽጉጥ አፎት የናይሎን ጨርቅ ነበር፤ ኮቱን ከጎኑ እብጥ አድርጎ ከሩቅ ያሳብቅበታል። አንዲት እህት ባለፈው አቅፋው «ይሄ ነገርህ ጎኔን ወጋኝ እኮ» ብላ አሹፋበታለች። ቤቱ ደግሞ እየገዛ የጣላቸው አፎቶች አንድ ካርቶን ሞልተዋል፤ አንዱ ይቆረቁራል፣ አንዱ ይንሸራተታል፣ ሚስቱ ካርቶኑን መቃብር ትለዋለች። በዚያ አገር ሽጉጥ የሚታጠቅ ሰው ቤት እንዲህ ያለ መቃብር አይጠፋም። አሁን ግን ቀልድ አይደለም ብሎ ሚስ ቬልማ ዘንድ ሄደ።

ሚስ ቬልማ በመንገዱ ዳር በቆርቆሮ ሱቋ ዕድሜዋን ሙሉ ቆዳ ስትሰፋ የኖረች፣ ምላሷ ከወስፌዋ የማይተናነስ አሮጊት ናት። ሃርላን መኪናውን ሊያቆም ሲል አንድ ሰማያዊ ፒክአፕ ከበሯ ተነስቶ ሄደ። የኬለም መኪና ነው።

ገባ። ሴትየዋ አፎቱን ተቀብላ በሁለት ጣቷ አንጠለጠለችው።

«ይሄን ካልሲ ማን ሸጠልህ?»

ከዚያ ወንበር ላይ አስቀምጣ እንደ ተማሪ ታስተምረው ጀመር። ሽጉጡ ሲመዘዝ አፉ የሚከደን አፎት ሞት ነው አለችው፤ በአንድ እጅህ መልሰህ መክተት አለብህ፣ ሁለተኛ እጅ ከጠየቀህ ጣለው። የለሰለሰ ቆዳ እጥፋቱ ገብቶ ቃታውን ይስባል፣ ስንቱ ጭኑን በራሱ ሽጉጥ በስቷል። የላም ቆዳ ይመቻል፤ የፈረስ ቆዳ ግን ስስ ሆኖ ደረቅ ነው፣ ላብም ቶሎ አይጠጣም፣ በቴክሳስ ሐምሌ የሚያዋጣው እሱ ነው። ቀበቶህም ይሄ ከሆነ አፎቱን አትውቀሰው አለችና ቀበቶውንም አስቀየረችው። ሃርላን ይሰማታል፤ ዓይኑ ግን ከመሥሪያ ጠረጴዛዋ አልተነሳም። እዚያ ገና ያልተሰፋ ቆዳ አለ፤ ሰፊ፣ ጠፍጣፋ፣ እሱ ከሚያውቀው ከየትኛውም ሽጉጥ የሚበልጥ። ምን ዓይነት መሣሪያ ነው ይሄን የሚያህል?

ሴትየዋ ዓይኑን ተከትላ አየችና ቆዳውን በጨርቅ ሸፈነችው።

«የኬለም ነው አይደል፣ ሚስ ቬልማ? ምን ልትሠሪ... ምን ሊሠሩለት ነው?»

«የሰው ነው። ሰው ወገቡ ላይ የሚደብቀውን ለሌላ አልናገርም። ያንተንም አልተናገርኩም።»

«ልጆች አሉ እዚያ!»

«ሃርላን፣ ሰውየውን ተወው» አለችና ወሬውን ቆረጠችው።

ሳምንቱ መጨረሻ ላይ ቆዳውን አርጥባ በሽጉጡ አምሳያ ላይ የቀረጸችውን፣ በሰም በታሸ ክር የሰፋችውን አፎት አስታጠቀችው። አስቀመጠችው፣ አጎነበሰችው፣ ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ አስወረደችው። በመጨረሻ እጇን ዘረጋች።

«በል እቀፈኝ።»

ደንበኛዋን ሳታቅፍ አትሸኝም፤ በዚህ ከተማ ሰውን የሚያጋልጠው ጠላቱ ሳይሆን የሚያቅፈው ነው ትላለች። ጎኑን በክንዷ ጨመቅ አደረገችው። ምንም አልተሰማትም። ሃርላን ግን ደስ አላለውም፤ ለኬለምም እንዲህ አድርጋ ሠርታለት ይሆናል፣ ከእንግዲህ እሱም አያሳብቅም ብሎ ነበር የሚያስበው።

እሑድ መጣ። በዚያ ቤተ ክርስቲያን መዝሙሩ ሲያልቅ ሁሉም ከወንበሩ ተነስቶ ጎረቤቱን ያቅፋል። ሃርላን ኬለምን ከሩቅ ያየዋል። ሰውየው ያን ዕለት ተለውጧል፤ ክርኑን አልለጠፈም፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ያገኘውን ሁሉ ያቅፋል፣ ይስቃልም። ዛሬ ነው አለ ሃርላን በልቡ። ዛሬ ነው፣ ተዘጋጅቶ መጥቷል።

በሰዉ መሐል ጥሶ ሄደና «ወንድም ኬለም» ብሎ አቀፈው። ቀኝ እጁ በቀጥታ ወደ ጎኑ ነበር የሄደው። ደረቅ ቆዳ አገኘ። ኬለም ሊሸሽ ሲል በግራው አንገቱን ጠምዝዞ ያዘውና ጣቶቹን በቆዳው ሥር ሰድዶ የጨበጠውን በኃይል ጎተተ።

የጨበጠው ብረት አልነበረም። ለስላሳ ነበር፣ ይሞቅ ነበር፤ ሲጎተትም ተላቀቀ። የሃርላን እጅ ራሰ፣ የኬለም ሸሚዝ ራሰ፣ ሽታው ወንበሮቹን አዳረሰ። አንጀቱን ቀደው ሐኪሞች ጎኑ ላይ የለጠፉለት የሰገራ ከረጢት ነበር።

ኬለም ሸሚዙን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞ ቆመ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሽጉጥ በሆነልኝ» አለ ቀስ ብሎ።

ከዚያ ወጣ። ሃርላን እጁን የሚያደርግበት ጠፍቶት ደጅ ውኃ ቧንቧው ጋ ሲታጠብ፣ ከምእመናኑ መሐል የነበረችው ሚስ ቬልማ ተከትላው መጣች። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ራሱን የጠላበት ቀን የለም።

«ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሰው የሚነካው እዚህ ብቻ ነው» አለችው። «የሚያቅፉኝ እንዳይሰማቸው አድርጊልኝ ነበር ያለኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀኝም።»

በሚቀጥለው እሑድ ኬለም አይመጣም ብሎ ነበር። መጣ። ሃርላን በሩ ላይ ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ኬለም «ገባኝ፣ ለልጆቹ ብለህ ነው» አለና ክንዱን እስከ መጨረሻው ዘርግቶ ጨበጠው። በዚያው ርቀት ፓስተሩን ጨበጠ። አንዲት እህት እጇን ዘርግታ ስትመጣ ወደ ኋላ አለና እሷንም ጨበጣት።

ሌቲ ሮጣ መጣች፤ ያገኘችውን ሁሉ ማቀፍ ትወዳለች። ኬለም አንድ እርምጃ አፈገፈገና ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋላት። ልጅቷ በዚያ ቤት ማንም እንዲህ ሰላም ብሏት አያውቅም፤ የተዘረጋውን እጅ ምን እንደምታደርገው ግራ ገባትና ዞራ አያቷን አየችው።