የሚያስቆመው ያጣ ትከሻ

እና እመ ብርሃንን፣ ብነግራችሁ አታምኑኝም፣ ላቀው አሁንም እየመታ ነው፣ ትከሻውን ማለቴ ነው፣ ጀርመን አገር፣ ከተማውን ሃምቡርግ ይሉታል፣ አዳራሹ የቡሬን ገበያ ከነአህያው የሚውጥ፣ ፊት ለፊቱ ሺህ ፈረንጅ ተደርድሮ፣ ሺህ ስል ግማሹን ተዉት፣ አንድ እጅ አይነቃነቅም። አንድ እልል የለም። ምን አደረግኋቸው ይላል በሆዱ፣ ለቅሶ ቤት ነው እንዴ ያመጡኝ፣ ለቅሶም ቢሆን እኛ አገር ደረት ይመታል፣ እነዚህ እኮ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ዝም፣ ዝም፣ ዝም።

እሱ ባደገበት ቀበሌ ጨዋታ የገባ ሰው በራሱ አይወጣም፣ ነውር ነው፣ በራሱ የወጣ ሰው ሳይወደድ ቀረ ይባላል፣ ሴቶቹ እልል ሲሉ፣ ጭብጨባው ሲደምቅ፣ አንድ ትልቅ ሰው ትከሻውን ይዞ ይበቃሃል የኔ አንበሳ ሲለው ነው የሚወጣ። እዚህ ማን ይያዘው።

የባህል ጭፈራ ቡድኑ አለቃ ጋሽ እንዳለው ደግሞ አውሮፕላን ላይ ምን አሉ፣ ስማኝ ላቀው፣ ከሃምቡርግ በኋላ ገና ስድስት ከተማ ይቀረናል፣ ዛሬ ጭብጨባ ያላገኘ ነገ ሻንጣውን ይዞ ወደ ፍኖተ ሰላም። ጭብጨባ ያላገኘ! ሁለት ጊዜ ፈረንጅ አገር ረግጠዋል፣ የማያውቁት የለም፣ ሹካ በግራ ነው አሉ፣ ላቀው በግራ ይዞ አገጩን ወጋ፣ ሽንት ቤት ይቆለፋል አሉ፣ ቆለፈ፣ አከፋፈቱን አልነገሩትም፣ አምስት መቶ ሰው ሲያፈጥብህ ምን ታደርጋለህ የሚለውንማ ትንፍሽ አላሉ። ያምሮትስ፣ አገር ያላየ ወንድ አላገባም ያለችው ያቺ ኩሩ፣ መንደሩ በሙሉ በእልልታ ሸኝቶት በአራተኛው ቀን ከነሻንጣው ስታየው፣ ምን ይበላት፣ ጀርመን ዝግ ነበር ይበላት? አይሆንም።

ይመታል። ይንበረከካል፣ ይነሳል፣ አንገቱን ይሰብቃል፣ ቁምጣው ላብ ጠጥታ እንደ እርጥብ ጆንያ ከብዳለች፣ የተፈቀደለት አራት ደቂቃ ነበር፣ አሁን አንድ ሰዓት ሆነው፣ እሺ ሩብ ሰዓት። ከኋላው ከበሮ መቺው አብዱረህማን ያቃስታል፣ አንተ ላቀው፣ መዳፌ ተላጠ፣ መቼ ነው የምትወጣ፣ ካላጨበጨቡ አልወጣም ይላል ላቀው፣ አንተ ከበሮውን ተወው እንጂ፣ አንተ ሳትወጣ እኔ ልተው፣ ከበሮው ደከመ ሊባል፣ ወላሂ አላደርገውም። ሁለት እልኸኛ በአንድ መድረክ።

ከመጋረጃው ጥግ ጋሽ እንዳለው በሱፍ ልብሳቸው እጃቸውን ያወናጭፋሉ፣ ጨምር ማለታቸው ነው፣ ኧረ ምን ልጨምር ጋሼ፣ አጥንቴን? ይጨምራል። እንደገና ያወናጭፋሉ፣ ክራባታቸውን ፈቱት፣ ይኸው ጭራሽ ተቆጡ፣ ቀለጥሁ፣ ሻንጣ። ከፊት ወንበር ያለች አሮጊት ዓይኗን ትጠርጋለች፣ ባሏ ሁለት እጁን ብድግ አደረገ፣ እሰይ፣ እሰይ አባቴ፣ ምታ እንግዲህ፣ መልሶ ጭኑ ላይ አኖራቸው። አይ የሰው ክፋት!

ተንገዳገደ፣ ትከሻው ቆም አለ። ሺህ እጅ አብሮ ብድግ። ቀና አለ። ሺህ እጅ አብሮ ዝቅ። ያሾፉብኛል! በሰው አገር፣ በአንድ ላይ ተማክረው፣ እንግዲያስ ዛሬ እዚሁ እሞታለሁ፣ ሬሳዬን ጭነው ይውሰዱ፣ ብሎ ትከሻውን እንደ አዲስ ሲጀምር፣ ጋሽ እንዳለው መጋረጃውን ጥሰው ወጡ፣ ሱፋቸውን ረስተው፣ ሁለት ጊዜ ውጭ አገር የሄዱ ሰው መሆናቸውን ረስተው፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት እንደ በሬ ነጋዴ አንባረቁ፣

ቁም አንተ እልኸኛ፣ ፈረንጅ የሚያጨበጭብ ሲያቆሙለት ነው!