በሞቴ ያልተባለበት ብስኩት

ለአራት ዓመት ልጅ ፈተና አለ ሲሏት ሳሊሀ የቀልድ መስሏት ነበር። በዐረብ አገሩ ከተማ ኡም ሱማቅ ሰፈር ያለው መዋዕለ ሕፃናት ግን አንድ ልጅ ከሰው ጋር መግባባቱን ሳይለካ አይቀበልም። ኻልዳ ሰፈር ቤቷን የምታጸዳላት መዳም ደግሞ "ከእሁድ ጀምሮ ልጅሽን ይዘሽ እንዳትመጪ" ብላታለች፤ እዚያ አገር የሥራ ሳምንት የሚጀምረው እሁድ ነው። እንግዲህ ልጇ ኢክራም እዚህ ካልገባች የእናትየው ሥራ አበቃለት ማለት ነው።

ከሚኖሩበት ከስዌይለህ ሰፈር እስኪደርሱ ታክሲው ውስጥ ስትመክራት ነው የመጣችው። "ጨዋ ሁኚ፣ እሺ የኔ እናት?"

ኢክራም ጨዋ ሆነች። አበሳው የመጣውም ከዚያ ነው።

ፈታኟ ሚስ ኸውላ ብስኩት አውጥታ በዐረብኛ "ትፈልጊያለሽ? ለእኔስ ታካፍይኛለሽ?" አለቻት። ዐረብኛውን ኢክራም ከእናቷ በላይ ታውቀዋለች። ግን ዓይኗን ብስኩቱ ላይ ተክላ፣ እጇን ወደ ኋላ ደብቃ፣ "ሹክረን፣ ጠግቤአለሁ" አለች። ምኑን ትጠግበዋለች፣ ቁርሷን እንኳ በቅጡ አልበላች!

ሚስ ኸውላ ዜሮ ጻፈች። "የሚጠየቀው አንዴ ብቻ ነው። ፈተናው ከውጭ ተተርጉሞ የመጣ ነው" አለች፣ እሷም ደስ ሳይላት።

ሳሊሀ ቀልቧ ተገፈፈ። "ሰው ሲሰጥሽ ዘለሽ እንዳትቀበዪ፣ እስኪለምኑሽ ጠብቂ" ብላ ያሳደገቻት እሷው ናት። ይህን በዐረብኛ እንዴት እንደምታስረዳ ስታወጣ ስታወርድ እንባዋ ቀደማት።

ሚስ ኸውላ ደንግጣ ሻይ ቀዳችላት።

"ይቅርብኝ፣ አትቸገሪ" አለች ሳሊሀ።

"ውሰጂ እንጂ።"

"ወላሂ ጠጥቼ ነው የመጣሁት።"

"ወሕያቲ" አለች ሚስ ኸውላ፤ በሕይወቴ ይዤሻለሁ ማለቷ ነው። ሳሊሀ ይኼኔ ተቀበለች።

ሚስ ኸውላ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። እናትየውን አየች፣ ልጅቷን አየች፣ ሳቋ መጣ። "እኛም ቤት እኮ እንዲሁ ነው" አለችና ብስኩቱን ይዛ ኢክራም ፊት ተንበረከከች። "ወሕያቲ፣ ኢክራም።"

ኢክራም ብስኩቱን ላፍ አደረገች። ግማሹን ገመሰችና ሚስ ኸውላ አፍ ላይ ደቀነችው። ሴትዮዋ ሸሸት ስትል፣ ልጅቷ በእናቷ ቋንቋ "በሞቴ" አለቻት።

ሚስ ኸውላ ጎረሰች። እያኘከች ዜሮውን ሰረዘችው። "ለውጭዎቹ እኔ እነግራቸዋለሁ። እሁድ በጠዋት አምጪያት" አለች። "ቆይ ግን፣ ምን ብላ ነው የለመነችኝ?"

ሳሊሀ ኢክራምን አየቻት። ይህች ፍሬ ልጅ በሞቷ ለመነችሽ ተብሎ እንዴት ይነገራል? እናቷስ ብትሆን የልጇን ሞት እንዴት አፏን ሞልታ ትጠራለች?

"ያንቺኑ ነው ያለችሽ" አለች፣ ልጇን ወደ ጉያዋ እየሳበች። "ወሕያቲ።"